ቀጠናዊ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ቱር፦ የውድድር ዓመቱን ከማጣሪያ እስከ መጨረሻው ስኮርካርድ እንዴት መምራት ይቻላል?

በቀጠናዊ ቱር (ከትልልቆቹ በታች ባለው ተከታታይ የውድድር እርከን) የአንድ ተጫዋች ዓመት የሚወሰነው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ነው። ይህን ያመጣው የሽልማቱ አከፋፈል ነው። በአሜሪካው ትልቁ ቱር፣ በፒጂኤ ቱር፣ መደበኛ ክፍፍል አንደኛ የወጣው ከጠቅላላው 18 በመቶ፣ ሁለተኛው 10.9፣ ሦስተኛው 6.9፣ አራተኛው 4.9፣ አምስተኛው 4.1 በመቶ ያገኛል። አምስት ሰዎች ብቻ ወደ 45 በመቶ ይወስዳሉ ማለት ነው። ትንንሾቹ ቱሮች ለአሸናፊው የሚሰጡት ድርሻ ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። ከቱን (ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ ወደ ኋላ የቀሩት የሚሰናበቱበትን መስመር) አልፎ አርባኛ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሳምንቱን ወጪ እንኳ አይመልስም።

ችግሩ እነዚያ ሳምንታት መቼ እንደሚመጡ አለመታወቁ ነው። በሦስተኛው ውድድር ሊመጡ ይችላሉ፣ በአስራ ሁለተኛውም። እዚህ የምንዘረዝረው ሁሉ ለአንድ ዓላማ ነው፦ ጥሩው ሳምንት ሲመጣ ገንዘብዎ ሳያልቅ፣ ጉልበትዎ ሳይሟጠጥ፣ በማያስፈልግ የሕግ ስህተትም ሳይባረሩ መነሻው ቲ (የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ቦታ) ላይ መገኘት።

ምድብዎን ሳያውቁ ቲኬት አይቁረጡ

የቱሩ በር በተጫዋቾች አፍ ኪው ስኩል የሚባለው ማጣሪያ ነው። በትንንሾቹ ቱሮች በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ያልቃል፤ በትልልቆቹ ይረዝማል፣ የአውሮፓው ትልቁ ቱር፣ የዲፒ ወርልድ ቱር፣ የመጨረሻው ደረጃ ለምሳሌ 6 ዙር ነው። ከማጣሪያው የሚገኘው ካርድ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። የየውድድሩ ተሳታፊ የሚሞላው በምድብ ቅደም ተከተል ነው፦ በቅርብ ያሸነፉ፣ ባለፈው ዓመት ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ብለው የጨረሱ፣ ቀጥሎ ከማጣሪያው የመጡት በወጡበት ተራ። በማጣሪያው 8ኛ የወጣውም 38ኛ የወጣውም ካርድ ይዘዋል። የመጀመሪያው ዓመቱን ሙሉ ሲጫወት ሁለተኛው የተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ዓይኑን ተክሎ ሊከርም ይችላል።

ስለዚህ የቱሩን ደንብ አውጥተው ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ምድብዎ ስንተኛ ነው፣ በምድቡ ውስጥስ እርስዎ ስንተኛ ነዎት። ሁለተኛ፣ በዓመቱ አጋማሽ ምድቡ እስከዚያ በተገኘው ገንዘብ ወይም ነጥብ እንደገና ይደረደራል ወይ። የሚደረደር ከሆነ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ውድድሮች መዝለል የለበትም፤ እዚያ የተገኘ አንድ ጥሩ ውጤት የቀረውን ዓመት በር ይከፍታል። ሦስተኛ፣ ምዝገባ የሚዘጋበትና ያለ ቅጣት ስም የሚሰረዝበት ቀን። ሁለቱም ቀኖች ለየውድድሩ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይስፈሩ፣ ማስጠንቀቂያውም ከ48 ሰዓት በፊት እንዲደውል ይደረግ።

ተጠባባቂ ከሆኑ ባለፈው ዓመት በዚያው ውድድር እስከ ስንተኛው ተጠባባቂ ድረስ እንደገባ ይመልከቱ። እስከ 12ኛው ገብቶ ከሆነና እርስዎ 6ኛ ከሆኑ መሄድ ያዋጣል፤ 25ኛ ከሆኑ እቤት ሆኖ መለማመድ ይሻላል።

ገና አማተር ለሆነ ሰው አንድ ነገር እንጨምር። አማተር ሆኖ ማጣሪያ የሚያስገባ ቱር ብዙ ነው። ካርዱ ሳይገኝ ፕሮፌሽናል ነኝ ብሎ ቅጽ መፈረም አማተርነትን በከንቱ ማጣት ነው፣ መልሶ ለማግኘት ማመልከትና መጠበቅ ይጠይቃል። ከ2022 ወዲህ ባለው ሕግ አማተር በአንድ ውድድር መቀበል የሚችለው ሽልማት እስከ 1,000 ዶላር ነው።

ዓመቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይንደፉ

ቀጠናዊ ቱር መሰላል ነው፤ ሰው የሚጫወተውም ወደ ቀጣዩ እርከን ለመውጣት ነው። የአውሮፓዎቹ አልፕስ ቱርና ኖርዲክ ጎልፍ ሊግ በሰንጠረዡ አናት የጨረሱትን ጥቂት ተጫዋቾች ወደ ሁለተኛው እርከን ያሳልፋሉ፤ ይህ እርከን ለብዙ ዓመታት ቻሌንጅ ቱር ሲባል ቆይቶ በ2025 ሆቴልፕላነር ቱር ተብሏል። የካናዳውና የላቲን አሜሪካው ቱር ተዋህደው በ2024 የጀመሩት ፒጂኤ ቱር አሜሪካስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 10 ከፒጂኤ ቱር ቀጥሎ ወዳለው ኮርን ፌሪ ቱር ይልካል። የእርስዎ ቱር ስንት ሰው እንደሚያሳልፍ ይወቁና ባለፉት ሦስት ዓመታት የመጨረሻው አላፊ በስንት ነጥብ ወይም ገንዘብ እንዳለፈ ይጻፉ። ያ ቁጥር የዓመቱ ዒላማ ነው። ለስንት ውድድር እንደሚካፈል ሲያዩት ብዙ ጊዜ አንድ ድልና ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እስከ አምስተኛ መውጣት ሆኖ ያገኙታል። በየሳምንቱ ሃያኛ በመውጣት አይደረስም።

ከዚያ ሳምንታቱን ይደልድሉ። እኛ የምንመክረው ሦስት ተጫውቶ አንድ ማረፍ ነው፤ ከአራት በላይ ተከታታይ ሳምንት ሲሆን መጀመሪያ የሚበላሸው ቀዳዳው አጠገብ ያለው አጭሩ ጨዋታ፣ ቀጥሎም ትዕግሥት ነው። የጉዞ ሰነድም እዚሁ ይታሰብ። በሸንገን አገሮች የአጭር ጊዜ ቆይታ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም፤ በውድድሮች መካከል እዚያው መቆየት ቀኑን ይበላል፣ የመጨረሻዎቹ ውድድሮች ሲደርሱም ቀን ያልቃል። ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን ያረጋግጡ።

ገንዘቡ

ቀመሩ ቀላል ነው። ካለዎት ጠቅላላ ገንዘብ ላይ በዓመት አንዴ የሚከፈሉትን ይቀንሱ፦ የማጣሪያ ክፍያ፣ የቱር አባልነት፣ የጤናና የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ዱላና ኳስ። ቀጥሎ ፈጽሞ የማይነካ መጠባበቂያ ይቀንሱ። የቀረውን ለአንድ ሳምንት ወጪ ያካፍሉ። ጠቅላላው 100 ቢሆን፣ ቋሚው 20፣ መጠባበቂያው 10፣ የሳምንቱ ወጪ 5 ከሆነ 14 ውድድር አለዎት ማለት ነው። ስሌቱ ውስጥ የሽልማት ገንዘብ አያስገቡ። ብዙ ዓመት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ በሰኔ የሚያገኘውን ሽልማት በየካቲት አስልቶ ይመዘገባል፣ ሰኔ ሲደርስ ለኪራይ እየተጫወተ ነው። ለኪራይ የሚጫወት ሰው ደግሞ ከት ለማለፍ ይጫወታል እንጂ ለማሸነፍ አይጫወትም።

ስፖንሰር ወይም ደጋፊ ካለ ውሉ አራት ነገር በቁጥር ይበል፦ የሚሰጠው መጠንና የሚሰጥበት ቀን፣ ከሽልማቱ የሚወስደው መቶኛ፣ መቶኛው ከታክስ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ውሉ የሚያበቃበት ቀን። የማብቂያ ቀን የሌለው ውል ተጫዋቹ ወደ ላይ ቱር ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ካዲ (ቦርሳ ተሸካሚ) ከያዙ ደግሞ የተለመደው አሠራር የሳምንት ክፍያና ከሽልማቱ ድርሻ ነው፦ ከት ሲታለፍ 5፣ እስከ አስረኛ ሲወጣ 7፣ ሲያሸንፉ 10 በመቶ። በዚህ እርከን ብዙዎች ቦርሳቸውን ራሳቸው ይገፋሉ። ገንዘቡ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ከበቃ ካዲውን ሜዳው ከባድ ለሆነባቸውና ሽልማቱ ከፍ ላለባቸው ውድድሮች ያስቀምጡ።

በብዙ አገር ታክስ ከሽልማቱ ላይ እዚያው ይቆረጣል። የተቆረጠበትን ማስረጃ በዚያው ሳምንት ይቀበሉ። ከስድስት ወር በኋላ ከስድስት አገር መሰብሰብ አድካሚ ነው።

ቦርሳው

የሚፈቀደው 14 ዱላ ነው። አስራ አምስተኛ ዱላ ይዞ መነሳት ለተጣሰበት ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 2 ምት ያስቀጣል፣ በዙሩ ጣሪያው 4 ምት ነው። ይህ የሚሆነው በልምምድ ቀን አዲስ ዌጅ (ለአጭርና ከፍ ላለ ምት የሚሆን ዱላ) ሲሞክሩ ነውና መነሻው ቲ ላይ ጮክ ብለው ይቁጠሩ።

ዱላ በአውሮፕላን ሲጫን ጭንቅላቱ የሚነቀለውን ድራይቨር (ለረጅሙ ምት የሚሆነውን ዱላ) ነቅለው በልብስ ይጠቅልሉ፣ ከረጢቱ ውስጥም ከሁሉ ዱላ የሚረዝም ጠንካራ ዘንግ ያስገቡ፤ ከረጢቱ ሲወድቅ ምቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ አይረኖቹና ዌጆቹ ማዕዘናቸው ሳይዛነፍ መድረሱን ያስለኩ፣ በቅጥቀጣ የተሠሩት በቀላሉ ይጎብጣሉ። አሸዋ ላይ የሚሠራው ዌጅ ከሁሉ ቀድሞ በፊቱ ላይ ያለው ቦይ ያልቃል፤ ያለቀው ደግሞ ደረቅ ፌርዌይ (የታጨደው የሜዳው መሃል) ላይ አያስታውቅም፣ እርጥብ ሣር ላይ ግን ኳሱ ግሪኑን (ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሣር) ይዞ አይቆምም። በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይሩት።

ኳስ ላይ ብዙ ቱሮች የአንድ ኳስ ደንብ አላቸው፦ በጀመሩበት ብራንድና ሞዴል ዙሩን መጨረስ ግድ ነው። ስለዚህ ለሳምንቱ የሚበቃ ያው ሞዴል ይያዙ፣ ለአንድ ዙር 6 በቂ ነው። ሌላ ሞዴል ካለ ከቦርሳው አውጥተው ይተዉት፤ በችኮላ እጅ የሚገባው እሱ ነው።

በዙር መካከል ዱላ ቢሰበር፣ ተጫዋቹ በንዴት ያላግባብ ተጠቅሞበት እስካልሆነ ድረስ ከ2023 ወዲህ መጠገን ወይም መተካት ይፈቀዳል። ሜዳ ላይ እየተጫወተ ካለ ሰው ግን መዋስ አይቻልም።

የልምምድ ቀን፦ ግሪኑን ይለኩ፣ ውጤት አይቁጠሩ

ሳምንቱን የሚያሸንፈው የልምምድ ቀን ነው፤ ሆኖም ብዙው ተጫዋች ውጤት እየቆጠረ ያባክነዋል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ 18 ይጫወቱ፣ በሁለተኛው ዌጅና ፐተር (ግሪን ላይ ኳስ የሚንከባለልበት ዱላ) ብቻ ይዘው ይዙሩ።

ከየቲው ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ የሚያሰጋውን ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ለማለፍ ኳሱ በአየር ላይ መሄድ ያለበት ርቀት፣ እና ፌርዌዩ አልቆ ችግር የሚጀምርበት ርቀት። በሁለቱ መካከል የሚያርፍ ዱላ የትኛው ነው? መልሱ ድራይቨር ካልሆነ ያንኑ በቡክሌቱ (የሜዳው ርቀት በታተመበት ደብተር) ላይ ይጻፉ፤ ውድድሩ ላይ ስሜት ሌላ ሊል ይችላል።

ግሪኑ ላይ በዚያን ቀን ባንዲራው ወደቆመበት ቀዳዳ ፑት ሲያደርጉ አይዋሉ። ውድድሩ ላይ እዚያው የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው። ይልቅ ከጠርዙ ቢያንስ 4 እርምጃ ገባ ብለው ለጥ ያሉ ቦታዎችን ይፈልጉ፤ ኮሚቴው ቀዳዳ የሚቆፍረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። በየግሪኑ አራት ያህል ያገኛሉ። እያንዳንዱ ላይ የእንጨት ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ችንካር) አኑረው ከ6 ሜትር ከአራት አቅጣጫ ኳስ ያንከባልሉ፣ የሚታጠፍበትንም በቀስት ይሳሉ። ከዚያ ከግሪኑ ውጪ ይዙሩና ከየትኛው ጎን በአጭር ምት ወደ ግሪኑ ማስገባት (ቺፕ ማድረግ) እንደማይቻል ያግኙ። ቁልቁል እየወረደ ከሚሄድ ግሪን ጀርባ ሁለት ኳስ ቢመቱ ይበቃል። ሁለቱም ካልቆሙ በዚያ ጎን ቀይ ምልክት ያድርጉ።

ርቀት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ መለኪያው ነው፤ አንዳንድ አገር ቡክሌቱ በሜትር፣ ሌላ አገር በያርድ ይታተማል። 150 ያርድ 137 ሜትር ነው፣ ልዩነቱ አንድ ዱላ ከዚያም በላይ ነው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ኳስ ወደ 6 በመቶ ያህል ይረዝማል፤ 150 ሜትር የሚሄደው ምት 159 ይሆናል። ከባሕር ጠረፍ ወደ ተራራ ሜዳ በመጡ ማግስት የመጀመሪያው ሥራ መለማመጃው ላይ ዱላ በዱላ አዲስ ሠንጠረዥ መጻፍ ነው። የሌዘር መለኪያው ተዳፋት የሚያሰላው ክፍል መጥፋቱንም ይዩ፤ በውድድር እሱን መጠቀም መጀመሪያ 2 ምት፣ ሁለተኛ ጊዜ መባረር ነው። ግሪን የሚያነቡበትን ቡክሌት ኮሚቴው ባጸደቀው ብቻ የሚገድብ ቱርም አለ።

ምት ሳይመታ የሚጠፋ ምት

በ54 ወይም 72 ቀዳዳ ውድድር ብዙ ሰው ከቱን የሚያጣው በአንድ ምት ነው። ያ ምት አንዳንዴ በወረቀት ላይ የጠፋ ነው።

የመነሻ ሰዓት ማለት ሰከንዱም ጭምር ነው። እስከ 5 ደቂቃ ማርፈድ 2 ምት፣ ከዚያ ካለፈ መባረር። ከ90 ደቂቃ በፊት ሜዳው ይድረሱ፣ ከ10 ደቂቃ በፊት ቲው ላይ ይቁሙ። ዙሩ በሁለት ቲ የሚጀመር ከሆነ ከ1ኛው ነው ወይስ ከ10ኛው የሚለውን ማታ እና ጠዋት ሁለቴ ይዩ። በምት ቆጠራ ውድድር ከዙሩ በፊት በዚያው ቀን ሜዳው ላይ መለማመድ ክልክል ነው።

የጠፋ ኳስ ፍለጋ 3 ደቂቃ ነው። ተጠባባቂ ኳስ (የመጀመሪያው ጠፍቶ ቢቀር የሚያገለግለውን) ከመምታትዎ በፊት «ተጠባባቂ» ብለው ይናገሩ፤ «ሌላ ልምታ» ብቻ ካሉ የመጀመሪያው ኳስ ቀርቷል።

ሕጉ ሲያጠራጥርዎና ዳኛ ሲርቅ ሁለት ኳስ መጫወት ይፈቀዳል፤ ለብዙዎች ዓመታቸውን የሚያድን ደንብ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ጥብቅ ነው። ሌላ ምት ከመምታትዎ በፊት ሁለት ኳስ እንደሚጫወቱና ሕጉ ከፈቀደ የትኛው እንዲቆጠርልዎ እንደሚፈልጉ ለውጤት መዝጋቢዎ ይናገሩ። ቀዳዳውን በሁለቱም ይጨርሱ። ስኮርካርዱን ከማስረከብዎ በፊት ለኮሚቴው ይንገሩ። በሁለቱም ኳስ እኩል 4 ቢያስቆጥሩ እንኳ አለመናገር ያስባርራል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው።

የቀኑን የአካባቢ ደንብ ወረቀት በየጠዋቱ ያንብቡ። ዝናብ ከዘነበ ኳስ አንስቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ማስቀመጥ ሊፈቀድ ይችላል፤ ርቀቱ ግን አንድ ቀን የስኮርካርድ ቁመት፣ ሌላ ቀን የአንድ ዱላ ርዝመት ሊሆን ይችላል፣ ይህ እፎይታም ለአንድ ቦታ አንዴ ብቻ ነው። አንድ ረጅም ሳይረን ከተሰማ ወዲያውኑ ይቁሙ። ሦስት ተከታታይ ድምፅ ከሆነ የጀመሩትን ቀዳዳ መጨረስ ይቻላል።

ስኮርካርዱ ጋ ሲደርሱ ይቀመጡ። ውሃ ይጠጡ። ከ1ኛው ቀዳዳ ጀምሮ እያንዳንዱን ምት በሐሳብዎ እየተጫወቱ ከቁጥሩ ጋር ያስተያዩ፣ ለውጤት መዝጋቢዎም ቁጥሮቹን ድምፅ አሰምተው ያንብቡለት። ድምሩ የኮሚቴው ሥራ ነው፤ የእርስዎ ኃላፊነት የየቀዳዳው ቁጥርና ፊርማው ነው። ለአንድ ቀዳዳ ከተጫወቱት ያነሰ ቁጥር ፈርሞ ማስረከብ ያስባርራል (ሳያውቁት ከቀረ የቅጣት ምት በቀር)፣ የበለጠ ቁጥር ደግሞ እንዳለ ይጸናል። በንዴት ተቻኩሎ መፈረም ከባዱን ቀን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አጨዋወቱ

የፒጂኤ ቱር ተጫዋቾች ከ1.5 ሜትር ወደ 77 በመቶ፣ ከ2.4 ሜትር 50 በመቶ፣ ከ6 ሜትር 15 በመቶ ያህል ያስገባሉ። ከ2.4 ሜትር የሳተ ሰው ተሳሳተ አይባልም። ይህን ማወቅ ቀጣዩን ቲ በሰላም ለመምታት ይረዳል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ የፒጂኤ ቱርን የምት መዝገብ ተንትነው ሲያሰሉ፣ በጥሩ ተጫዋቾች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከ100 ያርድ ውጪ ከሚመቱ ምቶች እንደሚመጣ አሳይተዋል። ስለዚህ እርስዎም ከየዙሩ በኋላ የእያንዳንዱን ምት መነሻ ርቀት፣ የኳሱን አቀማመጥና ያረፈበትን ርቀት ይመዝግቡ። ከስድስት ውድድር በኋላ መዝገቡ ከስሜትዎ የተለየ ነገር ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ፐተሩን የሚያማርር ሰው ችግሩ ከ160 ሜትር የሚመታው ምት ሆኖ ይገኛል።

በ36ኛው ቀዳዳ አካባቢ ከቱን እያሰሉ አይጫወቱ። መስመሩ ከሰዓት በኋላ በነፋሱ ይንቀሳቀሳል፣ እርስዎ የሚቆጣጠሩት ደግሞ የሚቀጥለውን ምት ብቻ ነው። በመጨረሻው ቀን ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እኩል የወጡ ሰዎች የቦታዎቹን ሽልማት ደምረው ይካፈላሉ፦ ሁለት ሰዎች ሁለተኛ ቢወጡ 10.9 እና 6.9 ተደምሮ ለእያንዳንዱ 8.9 በመቶ ነው። ሰላሳኛ ላይ ሆኖ አንድ ምት ማጣት የሚያስቀረው ትንሽ ነው፤ አራተኛ ላይ ሆኖ አንድ ምት ማግኘት ብዙ ያስገኛል። ስለዚህ ከአስር ውስጥ ሆነው በ16ኛው ፓር አምስት (በአምስት ምት ያልቃል ተብሎ የተለካ ቀዳዳ) ላይ ሲደርሱ፣ በልምምድ ቀን ያረጋገጡት ቁጥር የሚፈቅድ ከሆነ ለግሪኑ ይምቱ።

ሰውነትና መድኃኒት

አንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትርና ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ነው። በየ4 ቀዳዳው ትንሽ ይብሉ፤ ረሃብ የሚሰማው 14ኛው ላይ ነው፣ ያኔ ዘግይቷል። መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ከቱሩ የፀረ አበረታች መድኃኒት ደንብ ጋር ያስተያዩ። ለደም ግፊት የሚታዘዙት ቤታ ብሎከሮች በጎልፍ ውድድር የተከለከሉ ናቸው። ሐኪም ያዘዛቸው ከሆነ ከውድድሩ በፊት የሕክምና ፈቃድ ማመልከቻ መግባት አለበት።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ውድድሮች

ሦስት ሲቀር ወደ ዒላማው ቁጥር ስንት እንደጎደለ ያስሉና በውድድሩ ሽልማት ይለውጡት፦ አንድ ጊዜ ሦስተኛ መውጣት ነው የሚያስፈልገው ወይስ ድል? ድል ከሆነ ማረፊያ ሳምንቱ ከመጨረሻዎቹ ሦስት በፊት ይሁን፣ በመካከላቸው አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያ ምዝገባ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ሰንጠረዡ ገና ሳይዘጋ ነው። ክፍያው ከመጠባበቂያው ውስጥ አሁኑኑ ይከፈል፣ ቢያልፉ የሚመለስ መሆኑንና እስከ መቼ መሰረዝ እንደሚቻልም ከቅጹ ላይ ይታይ።